የሙከራ ቀን ለማን ይሰጥ?

በ2025 የፎርሙላ ዋን የውድድር ዘመን 24 ውድድሮች ተካሂደዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ቡድኖች አዲስ መኪናቸውን በጋራ የፈተሹት ግን በባህሬን ለ3 ቀን ብቻ ነው። ያውም ለአንድ ቡድን የሚፈቀደው አንድ መኪና በመሆኑ ለእያንዳንዱ አሽከርካሪ የደረሰው አንድ ቀን ተኩል ነበር። ዘመኑ ከተጀመረ በኋላ አንድ ቡድን የሠራውን አዲስ ክፍል ይዞ በፈለገው ቀን ትራክ ላይ መውጣት አይፈቀድለትም። በአትሌቲክስ ፍቅር ላደገ አንባቢ ነገሩ ሯጭን ከውድድር ቀን በቀር እንዳትሮጥ ብሎ እንደ መከልከል ነው።

ክልከላው ግን ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሙከራ የሀብታሞች መሣሪያ ነበር። ፌራሪ ከማራኔሎ ፋብሪካው አጠገብ የፊዮራኖ ትራክ አለው፤ የሙጄሎ ትራክም ንብረቱ ነው። ከብሪጅስቶን ጋር በጎማ ላይ ተጣምሮ እየሠራ ሙከራውን ያለ ፋታ ያካሂድ ነበር። የቡድኑ አሽከርካሪ ሚካኤል ሹማከር ከ2000 እስከ 2004 በተከታታይ 5 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው በዚህ ወቅት ነው። ትልልቆቹ ቡድኖች ለሙከራ ብቻ የተመደበ ባለሙያና አሽከርካሪ ሲኖራቸው እንደ ሚናርዲ ያለው ትንሽ ቡድን ለዚህ የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረውም። በ2008 መጨረሻ የገንዘብ ቀውሱ ሲበረታ ሆንዳ ውድድሩን ጥሎ ወጣ። ድንጋጤው ቡድኖቹን አስማማ፤ ከ2009 ጀምሮ በውድድር ዘመን መካከል የሚደረግ ሙከራ ታገደ። ኋላ ላይ ለጥቂት ዓመታት በተወሰኑ ቀናት ቢመለስም እንደገና ቀረ።

የእገዳው ዓላማ ወጪን መቀነስና ቡድኖችን ማቀራረብ ነበር። ነገር ግን ሀብታሞቹ ትራክ ላይ ማውጣት ያቆሙትን ገንዘብ ወደ ነፋስ ዋሻ (የመኪናው ሞዴል በሰው ሠራሽ ነፋስ ወደሚፈተሽበት ክፍል)፣ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ሲሙሌተር አዞሩት። እነዚህ ደግሞ ተገንብተው፣ የሚሰጡት ቁጥር የሚታመን እስኪሆን ዓመታት የሚፈጁ ናቸው። ጎማና ነዳጅ ገዝቶ ሁለት ቀን መሞከር ለትንሽ ቡድን ከባድ ነበር፤ የራሱን ዘመናዊ የነፋስ ዋሻ መገንባት ግን ከዚያ የባሰ ነው።

መሣሪያዎቹም ሁሉን አያሳዩም። በ2022 ሕጉ ተቀይሮ መኪኖቹ በወለላቸው ሥር በሚያልፈው አየር ወደ አስፋልቱ እንዲሳቡ ተደረገ። በየካቲት ባርሴሎና ላይ ሲወጡ ብዙዎቹ በቀጥታው መንገድ ላይ ይዘሉ ጀመር። ፍጥነቱ ሲጨምር ወለሉ ወደ መሬት ይጠጋል፤ በጣም ሲጠጋ የአየሩ ፍሰት ይቋረጥና መኪናው ወደ ላይ ይነሣል፤ ሲነሣ አየሩ ተመልሶ ይስበዋል። ይህ በሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ይከሰታል። የነፋስ ዋሻው አስቀድሞ ያላሳየበት ምክንያት አለው። ሕጉ የሚፈቅደው ከእውነተኛው መኪና 60 በመቶ የሚያክል ሞዴል ነው፤ የነፋሱም ፍጥነት በሴኮንድ ከ50 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። መኪናው ግን በቀጥታው መንገድ ከ300 በላይ ይበርራል።

ከ2014 እስከ 2021 በተከታታይ 8 ጊዜ የአምራቾችን ዋንጫ የወሰደው ሜርሴዲስ በ2022 ያሸነፈው ብራዚል ላይ ብቻ ነው። ለችግሩ መፍትሔ ይፈልግ የነበረው በውድድሩ ሳምንታት፣ በአሽከርካሪዎቹ ጀርባ ላይ ነው። በሰኔ ወር ባኩ ላይ የቡድኑ አሽከርካሪ ሉዊስ ሃሚልተን ወገቡን ይዞ በጭንቅ ከመኪናው ሲወጣ ዓለም ተመልክቷል። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽንም ለመዝለሉ ገደብ ለማበጀት ተገደደ። ጥቂት የሙከራ ቀናት ቢኖሩ ይህ ሁሉ ምርመራ ውድድር በሌለበት ቀን፣ ጉዳት ሲሰማ መኪናውን አቁሞ ማካሄድ ይቻል ነበር።

አዲስ አሽከርካሪዎችም ዋጋ ከፍለዋል። እገዳው በተጀመረበት በ2009 ሃይሜ አልጌርስዋሪ በ19 ዓመቱ ያለ በቂ ዝግጅት ሃንጋሪ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደረ። በዚያው ውድድር ማጣሪያ ፌሊፔ ማሳ ሲጎዳ ፌራሪ የረጅም ጊዜ የሙከራ አሽከርካሪውን ሉካ ባዶኤርን ተካ። ሥራው ሙከራ የነበረ ሰው ሙከራ በታገደበት ዓመት መኪናውን በወጉ ሳይለምድ ገብቶ፣ በተወዳደረባቸው ሁለት ውድድሮች ከሁሉም ኋላ ተሰልፎ ጀመረ። ዛሬ አሮጌ መኪና ማስነዳት ስለሚፈቀድ ሜርሴዲስ በ2024 ወጣቱን ኪሚ አንቶኔሊን በቀደሙት ዓመታት መኪኖቹ ማሠልጠን ችሏል። ይህ ዕድል ግን በተሻለ የሚጠቅመው አቅሙ ላለው ቡድን ነው።

እገዳውን የሚደግፉ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። ማክላረን በ2023 ባህሬን ላይ ከኋላ ጀምሮ፣ በኦስትሪያ ባመጣው ማሻሻያ ተለውጦ፣ በሲልቨርስቶን በአሽከርካሪው ላንዶ ኖሪስ 2ኛ ወጣ። የኦስትሪያው ማሻሻያ የገባው አንድ ሰዓት ልምምድ ብቻ ባለው የስፕሪንት ሳምንት ነው። በ2024 ቡድኑ የአምራቾችን ዋንጫ አነሣ። ስለዚህ ያለ ሙከራም መውጣት ይቻላል። ነገር ግን ማክላረንን ያወጣው ፋብሪካ ውስጥ የተሰላው ትራክ ላይ በትክክል መሥራቱ ነው። ስሌቱ ከትራኩ የማይገጥምለት ቡድን ስሕተቱ የት እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ችግሩን ተሸክሞ ከውድድር ወደ ውድድር ይሄዳል። በ24 ውድድሮች የደከሙት መካኒኮች ጉዳይም ቀላል አይደለም፤ የሚጨመረው ቀን ጥቂት መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

የወጪው ስጋት ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ከ2021 ጀምሮ በ145 ሚሊዮን ዶላር የተጀመረ የወጪ ጣሪያ አለ። ሙከራውም በጣሪያው ውስጥ ከተቆጠረ ሀብታሙ እንደ ፊዮራኖ ዘመን ያለ ገደብ ሊሮጥ አይችልም።

እኩል ቀን ለሁሉም መስጠትም መልስ አይሆንም፤ ቀኑን ከሁሉ የተሻለ የሚጠቀምበት ቀድሞም የበረታው ነውና። ፎርሙላ ዋን ለደካማው የበለጠ የመስጠትን መርህ ያውቀዋል፤ በነፋስ ዋሻ ከ2022 ጀምሮ ሻምፒዮኑ ከመደበኛው የሙከራ ድርሻ 70 በመቶ ሲያገኝ 10ኛ የወጣው 115 በመቶ ያገኛል። የሞተር ብስክሌቱ ሞቶ ጂፒ ደግሞ ወደ ትራክ አውጥቶታል። በ2024 በጀመረው ሥርዓት አምራቾች በ4 እርከን ተከፍለዋል፤ ያኔ ከኋላ የነበሩት ሆንዳና ያማሃ በዋና ጋላቢዎቻቸው በየትኛውም ትራክ እንዲሞክሩ 260 ጎማ ሲፈቀድላቸው፣ ከላይ የነበረው ዱካቲ በሙከራ ጋላቢዎች ብቻ፣ በ170 ጎማ ተወሰነ። እርከኑ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚመረመር የተሻሻለ ቡድን ጥቅሙን ያጣል። ዱካቲ ራሱ በ2014 ደክሞ ሳለ እንዲህ ባለ ልዩ ፈቃድ ተጠቅሞ ነበር፤ በ2022 የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቅቷል።

ስለዚህ ሙከራ ይጨመር፤ ግን በደረጃ ይሁን። ውድድር ካለቀ በኋላ ባለው ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ ዕቃው በተዘረጋበት ትራክ ላይ፣ ከታች ላሉት ብዙ፣ ለመካከለኞቹ ጥቂት፣ ለሻምፒዮኑ ምንም። ከቀኑ የተወሰነው ክፍልም ለአዳዲስ አሽከርካሪዎች ግዴታ ይሁን። የፌዴሬሽኑ ሕግ አውጪዎች በነፋስ ዋሻ ያመኑበትን ፍትሕ በአስፋልቱ ላይ የሚነፍጉበት ምክንያት የለም።