የተራበ ሰው በቀጥታ የማይሄድበት “ባንክ”፦ የምግብ ባንኮች እንዴት ይሠራሉ?

በአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት፣ ፊኒክስ ከተማ፣ ለችግረኞች የበሰለ ምግብ በሚያድል ማዕከል በበጎ ፈቃድ ያገለግሉ የነበሩት ጆን ቫን ሄንግል፣ አንዲት እናት ልጆቿን የምትመግበው ከሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ጀርባ ከሚጣል ምግብ መሆኑን ተረዱ። ሴትዮዋም ገንዘብ በባንክ ተቀምጦ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ትርፍ ምግብም የሚቀመጥበትና የቸገረው የሚወስድበት ስፍራ ቢኖር መልካም እንደሆነ ነገረቻቸው። ቫን ሄንግል ይህን ሐሳብ ይዘው እአአ በ1967 የቅድስት ማርያም የምግብ ባንክን መሠረቱ። በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለት ይህ ተቋም በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 275,000 ፓውንድ፣ ማለትም 125 ሺህ ኪሎ ግራም ገደማ ምግብ አከፋፈለ።

ዛሬ በዩናይትድ ስቴትስ “ፊዲንግ አሜሪካ” በተባለው መረብ ሥር 200 ያህል የምግብ ባንኮች ይገኛሉ። ስያሜው ግን ጥቂት ያሳስታል። በአሜሪካ የምግብ ባንክ የሚባለው በዋናነት ግዙፍ መጋዘን ነው። ከገበሬዎች፣ ከፋብሪካዎች፣ ከሱፐርማርኬቶችና ከፌዴራሉ የግብርና ሚኒስቴር የሚመጣው ምግብ እዚያ ይራገፋል፣ ይመረመራል፣ በየዓይነቱም ይለያል። ከዚያ ወደ ቤተ እምነቶች፣ ትምህርት ቤቶችና መጠለያዎች ይጓዛል፤ ቤተሰቦች ምግቡን የሚረከቡት አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ማደያዎች ነው። በብሪታንያ በአንጻሩ “ፉድ ባንክ” የሚባለው ማደያው ራሱ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ለመገልገል ከሐኪም ወይም ከማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ የተጻፈ ወረቀት ይጠየቃል። በጀርመን ስሙ “ታፌል” ነው፤ የመጀመሪያው በ1993 በርሊን ውስጥ ተከፈተ።

መደብሮች ትርፋቸውን ከመጣል ይልቅ እንዲለግሱ ካበረታቱ ነገሮች አንዱ በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ ነው። በቅን ልቦና ምግብ የለገሰ ወገን፣ ከባድ ቸልተኝነት ወይም ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት ከሌለ በስተቀር፣ በሕግ አይጠየቅም። በማሸጊያዎች ላይ የሚታተመው ቀንም፣ ከሕፃናት ወተት በስተቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ የጥራት ግምት እንጂ ምግቡ የሚበላሽበት ቀን አይደለም።

ረሃብና ቤት አልባነት የሚገናኙት በወሩ መጀመሪያ ላይ ነው። የቤት ኪራይ በግማሽ አይከፈልም፤ የመብራት ሒሳብም ቢዘገይ ይቆረጣል። የሚቀነሰው ምግብ ነው። ስለዚህ ከማደያ የተገኘ አንድ ካርቶን ምግብ ሆድ ከመሙላቱ በተጨማሪ የኪራዩን ገንዘብ ያተርፋል። እንደ ግብርና ሚኒስቴሩ ዘገባ፣ በ2023 የምግብ ዋስትና በጎደላቸው ቤተሰቦች ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር 47 ሚሊዮን አልፎ ነበር። በጥር 2024 በአንዲት ሌሊት በተካሄደ ቆጠራ ደግሞ ከ771 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት አልባ ሆነው ተገኝተዋል።

ቤቱን አስቀድሞ ላጣ ሰው የሚሰጠው እርዳታ ይለያል። ምድጃም ማቀዝቀዣም የሌለው ሰው አንድ ከረጢት ሩዝ ቢያገኝ ምን ያደርግበታል? በመሆኑም ያለ መክፈቻ የሚከፈቱ ቆርቆሮዎች፣ ሳይበስሉ የሚበሉና በእጅ ለመያዝ የማይከብዱ ምግቦች ለብቻቸው ይዘጋጃሉ። የመጠለያዎች ወጥ ቤቶችም ከመጋዘኖቹ ይቀለባሉ።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ይህን ሥራ የሚያስተባብረው “ካፒታል ኤርያ ፉድ ባንክ” ነው። ወገኖቻችን ከማደያ ደጃፍ እንዲርቁ ከሚያደርጓቸው ምክንያቶች አንዱ ይሉኝታ ነው፤ ለዓመታት ለአገር ቤት ዘመድ ገንዘብ ሲልክ የኖረ ሰው ተሰልፎ ምግብ መቀበል ይከብደዋል። ሆኖም በሥራ ላይ ያሉ ሰዎችም ይገለገላሉ፤ ብዙዎቹ ማደያዎችም የሚጠይቁት ስምን፣ የቤተሰብን ብዛትና የመኖሪያ አካባቢን እንጂ የኢሚግሬሽን ሰነድን አይደለም። ምስርና ሽምብራን የመሳሰሉ ለጾም የሚሆኑ ምግቦችም ከተለመዱት እደላዎች መካከል ናቸው።

የምግብ ባንኮች ብቻቸውን ግን ሸክሙን አይችሉትም። ፊዲንግ አሜሪካ ራሱ፣ መረቡ ለሚያቀርበው ለእያንዳንዱ አንድ ማዕድ፣ በተለምዶ “ፉድ ስታምፕ” የሚባለው የመንግሥት ድጋፍ ዘጠኝ እንደሚያቀርብ ይገልጻል። ድጋፉ ሲቀነስ ወይም ሲዘገይ በማደያዎች ደጃፍ ያለው ሰልፍ የሚረዝመው ለዚህ ነው።

በዩናይትድ ስቴትስ የሚኖሩ አንባቢያን በአቅራቢያቸው የሚገኘውን ማደያ ወይም መጠለያ ለማወቅ በአብዛኛው አካባቢ 211 መደወል ይችላሉ። እንግሊዝኛ የማይቀናቸው አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ።