የሐዘን ቤት ወገን አይጠየቅበትም



ሰዎች በዘር፣ በፖለቲካና በሃይማኖት ሲለያዩ ጉርብትናም አብሮ ይላላል። ሰላምታው ይቀዘቅዛል፤ ቡናው ለየብቻ ይሆናል፤ በመጨረሻም ለቅሶ መድረስ ራሱ የሚያስፈራ ነገር ይሆናል። «ሟቹ የማን ወገን ነበር?» የሚለው ጥያቄ «አላህ ያጽናችሁ» ከሚለው ቃል ይቀድማል። ለመሆኑ ዲናችን በዚህ ረገድ ምን ያስተምረናል?

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአጎት ልጅ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በሙእታ ዘመቻ ተሰዉ። ጀዕፈር ለእኛ ለሐበሾች ባዕድ አይደሉም። በነጃሺ ፊት ቆመው ስለ ስደተኞቹ የተናገሩት እርሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው ዐብዱላህም የተወለደው በሐበሻ ምድር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መርዶውን ለማርዳት ወደ ባለቤታቸው ወደ አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ቤት ራሳቸው ሄዱ። ልጆቹን አስጠርተው አቀፏቸው፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። ለቤተሰቡም ምግብ እንዲሠራ አዘዙ፤ ሐዘን የገባበት ቤት ምድጃ ለማንደድ አቅም የለውምና።

ይህ ርኅራኄ ለሙስሊሙ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የአንድ አይሁዳዊ ጀናዛ ሲያልፍ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተነስተው ቆመዋል። ሟቹ አይሁዳዊ መሆኑ ሲነገራቸውም፣ እርሱስ ነፍስ አይደለምን ሲሉ መልሰው ጠይቀዋል።

በአገራችን ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነት ብዙ ቤት አጉድሏል። በትግራይ የሞቱ ተዋጊዎች ቤተሰቦች መርዷቸውን በይፋ የሰሙት ጦርነቱ ካበቃ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው። በአማራና በአፋርም ልጆቻቸውን የቀበሩ ብዙዎች ናቸው። ወላድ በየትኛውም ወገን ብትሆን አንጀቷ አንድ ነው።

ለዚህ የሚሆን ልማድ ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በቅሬ ተሰባስቦ፣ አንዱ የሌላውን ሟች የሚቀብርበትና ሐዘንተኛውን የሚያጽናናበት ልማድ አለ። በለቅሶ ቤት የሚቀርበው ንፍሮም ሥጋ የሌለበት በመሆኑ ጾመኛውንም ሆነ ስለ እርድ የሚጠነቀቀውን አያስቸግርም። ይህን የመሰለ ልማድ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ተዘጋጅቶ ነው፤ በእኛ ዘመን ከተቋረጠ ግን ልጆቻችን የሚያገኙት ከማን ነው?

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? በመጀመሪያ፣ ለቅሶ መድረስ የሟቹን አቋም መደገፍ እንዳልሆነ እንረዳ። የትና ከማን ጋር ሆኖ እንደሞተ አንጠይቅ፤ ቤተሰቡ ራሱ ካነሳው ግን እናዳምጥ። ሁለተኛ፣ የሚበላ ነገር ይዘን እንሂድ እንጂ ሐዘንተኞቹን ለእኛ መስተንግዶ አናስነሳቸው። ሦስተኛ፣ በአዋቂ ለቅሶ መካከል የሚረሱትን ልጆች ወደ እኛ እናስጠጋ። አራተኛ፣ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላም እንመለስ። ባሏ የሞተባት ሙስሊም እኅት እርጉዝ ካልሆነች ዒዳዋ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። ወፍጮ የሚሄድላት፣ ከገበያ የሚያመጣላት፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት የሚያደርስላት ሰው በይበልጥ የሚያስፈልጋት ያኔ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ልባቸው ለተሰበረ ሁሉ መጽናናትን ይስጥ፤ እኛንም የጎረቤታችንን ሐዘን ከምንካፈል ባሮቹ ያድርገን። አሚን።