ሬዲዮና ወሬ በደጋን፦ ተረትና እውነታ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ደጋን፣ እንደ ሌሎቹ የቃሉ ወረዳ አካባቢዎች ሁሉ፣ ወሬ በሬዲዮም በሰው አፍም ይደርሳል። ስለ ሬዲዮ በስፋት ከሚታመኑት ነገሮች ግን ብዙዎቹ መታረም አለባቸው።

ተረት፦ ገጠር ውስጥ ሬዲዮ የሌለበት ቤት የለም።
እውነታ፦ በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2003 ዓ.ም. ሬዲዮ የነበራቸው ቤተሰቦች 41 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 28 በመቶ ወረዱ። በዚያው ጊዜ የእጅ ስልክ ያላቸው ከ25 ወደ 56 በመቶ አደጉ። በ2008ቱ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 74 በመቶው፣ ከወንዶች ደግሞ 62 በመቶው በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ሬዲዮ አይሰሙም፣ ቴሌቪዥን አያዩም፣ ጋዜጣም አያነቡም ነበር። ስለዚህ «በሬዲዮ ተነግሯል» ማለት ሕዝቡ ሰምቷል ማለት አይደለም፤ ሴቶች ዘንድ ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋል።

ተረት፦ በስልክ ሬዲዮ መስማት ካርድ ይበላል።
እውነታ፦ ኤፍ ኤም መቀበያ ያለው ስልክ ሞገዱን በቀጥታ ከአየር ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ አንቴናው የኢርፎኑ ሽቦ ነው። የሚጨርሰው ቻርጁን ብቻ ነው። ሂሳብ የሚቆርጠው በኢንተርኔት የሚሰማ ሬዲዮ ነው።

ተረት፦ ጣቢያው ጥርት ብሎ ካልገባ ሬዲዮው ተበላሽቷል።
እውነታ፦ የኤፍ ኤም ሞገድ በቀጥታ ስለሚጓዝ ተራራ ይጋርደዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,900 ሜትር አካባቢ ናት። እንዲህ ባለ ወጣ ገባ አገር አንዱ መንደር በደንብ የሚሰማውን ጣቢያ ከጋራው ጀርባ ያለው ላይሰማው ይችላል። መካከለኛ ሞገድ መሬትን ተከትሎ ይጓዛል፤ ሲመሽ ደግሞ ከላይኛው አየር እየነጠረ ርቆ ይደርሳል። አጭር ሞገድም በዚሁ መንገድ አህጉር ያቋርጣል።

ተረት፦ ከውጭ አገር የሚተላለፍ ዜና ሁሉ እውነት ነው።
እውነታ፦ የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ይደመጣል፤ ረጅም ዕድሜና ርቀት ግን በራሳቸው ማስረጃ አይሆኑም። የውጭም ሆነ የአገር ውስጥ ጣቢያ ባለቤትና ገንዘብ ሰጪ አለው። ዜናው የሚመዘነው በምንጩ ነው፦ ማን አየ? ማን ተናገረ? ሌላ ጣቢያስ አረጋገጠው?

ተረት፦ ከሬዲዮ በፊት የነበረው ወሬ አሉባልታ ብቻ ነበር።
እውነታ፦ ከደጋን ምሥራቅ በባቲ የሰኞ ገበያ አማራ፣ ኦሮሞና አፋር ሲገናኙ ዋጋና ወሬም አብረው ይለዋወጣሉ። አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት የወሬ ሥርዓት ሕግ አለው። መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ስለ ግጦሽ፣ ስለ ውኃና ስለ ሰላም ያዩትንና የሰሙትን ለይተው ይነጋገራሉ። ሐሰት ያቀበለ ሰው ተዓማኒነቱን ያጣል።

ስለዚህ ስለ ክትባት፣ ስለ አንበጣ ወይም ስለ ጎርፍ የሚነገር ማስጠንቀቂያ በሬዲዮ ብቻ መቅረት የለበትም። በገበያ፣ በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመረዳጃ ማኅበሩ በቅሬም መነገር አለበት፤ ሬዲዮ የሌላትን እናት የሚያገኛት በዚያ ነውና።