የተዘጋው ፋብሪካ ውስኪ፤ ይጠጣ ወይስ ይቀመጥ?

በአሜሪካ አገር በኬንተኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ አጠገብ፣ ስቲትዝል ዌለር የሚባል የቡርበን ውስኪ ፋብሪካ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1935 ተከፍቶ በ1992 ውስኪ ማውጣቱን አቆመ። ቡርበን ከግማሽ በላይ በቆሎ ነው፤ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች በዚያ ላይ ራይ የተባለውን እህል ሲጨምሩ ይህኛው ስንዴ ይጨምር ስለ ነበረ፣ ለስላሳ ነው እየተባለ ተወደሰ። ዛሬ የተረፈው ጠርሙስ በሐራጅ እየተገዛ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል።

ነገር ግን ውስኪ የሚበስለው ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል ነው። ጠርሙስ ከገባ ወዲያ፣ እንደ አንዳንዱ የወይን ጠጅ፣ ሃያ ዓመት ቢቆይ አይሻሻልም። እንዲያውም ቡሹ እየደከመ መጠጡ ጥቂት በጥቂት ይተናል። ስለዚህ ሰብሳቢው የሚጠብቀው ዋጋውን እንጂ ጣዕሙን አይደለም።

እርሱን ለመውቀስ አይደለም፤ ቆልፎ ባያኖረው ኖሮ እስከ ዛሬ ማን ያገኘው ነበር? የሚጠጣውም ቢሆን አንዱን በከፈተ ቁጥር ከዓለም አንድ ይጎድላል፤ ምትክም የለውም። ሁለት ያለው ሰው ግን አንዱን ለወዳጆቹ ቢከፍት ምን ቸገረው? አንድ ብቻ ያለው ቀን ይምረጥ። እስከዚያው ጠርሙሱን አቁሞ ያኑረው፤ ካጋደመው ጠንካራው መጠጥ ቡሹን ይበላዋልና። ሲከፍትም በቀስታ ይሳበው፤ ያረጀ ቡሽ ተፈርፍሮ ውስጡ ይቀራል።