ፒኤፍ፦ የኦፕንቢኤስዲ ፋየርዎልና የኔትወርክ ችግር አመራመር

ፒኤፍ ኦፕንቢኤስዲ ለተባለው ክፍት ምንጭ ሥርዓተ ክወና የተሠራ የፓኬት ማጣሪያ ነው። ክፍት ምንጭ ሲባል የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያሰራጨው የተፈቀደ ማለት ሲሆን፣ ፓኬት ደግሞ በኔትወርክ የሚላክ መረጃ ተከፋፍሎ የሚጓዝበት፣ የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ በራስጌው የያዘ አነስተኛ እሽግ ነው። ማጣሪያው በሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ ማለትም በከርነሉ ውስጥ ተቀምጦ እያንዳንዱ ፓኬት ሲገባና ሲወጣ ራስጌውን እያነበበ እንዲያልፍ ወይም እንዲታገድ ይወስናል፤ በተለምዶ ፋየርዎል የሚባለውም ይህን ተግባር የሚፈጽመው ክፍል ነው። ፒኤፍ በብዛት የሚመሰገነው በደንቦቹ አጻጻፍ ግልጽነት ቢሆንም፣ ከዚያ የማያንስ ዋጋ ያለው ባሕርዩ የወሰነውን ሁሉ ለመርማሪው ማሳየት መቻሉ ነው። ኔትወርክ ሲበላሽ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ፋየርዎል በመሆኑ፣ ጥርጣሬውን በማስረጃ ማጣራት ያልቻለ ባለሙያ ፋየርዎሉን አጥፍቶ ወደ መሞከር ያዘነብላል፤ በዚህም ማሽኑን ለአደጋ አጋልጦ የችግሩን ምክንያት ግን ሳያውቅ ሊቀር ይችላል።

ኦፕንቢኤስዲን እ.ኤ.አ. በ1995 ከኔትቢኤስዲ ለይቶ የጀመረው በካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ የሚኖረው ቴዎ ደ ራት ነው። ሥርዓቱ እስከ 2001 ድረስ ይጠቀምበት የነበረው ማጣሪያ ዳረን ሪድ የጻፈው አይፒፊልተር ሲሆን፣ ደራሲው በዚያው ዓመት ፈቃዱ የተሻሻለ ቅጂ ማሰራጨትን እንደማያካትት ባስታወቀ ጊዜ፣ ነጻ ያልሆነ ጽሑፍን ላለመያዝ የቆረጡት የኦፕንቢኤስዲ ሠራተኞች ምትክ ሳይዘጋጅ አይፒፊልተርን አስወጡት። ክፍተቱን የሞላው ስዊዘርላንዳዊው ዳንኤል ሃርትማየር ከባዶ ተነሥቶ የጻፈው ፒኤፍ ነው፤ በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ በወጣው የኦፕንቢኤስዲ 3.0 እትም ውስጥ ተካትቶ ለተጠቃሚ ደረሰ፤ በኋላም ወደ ፍሪቢኤስዲ፣ ወደ ኔትቢኤስዲና ወደ አፕል ኮምፒውተሮች ሥርዓተ ክወና ተሻገረ።

የፒኤፍ ደንቦች ፒኤፍ.ኮንፍ በተባለ አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ በተርታ ይጻፋሉ። ማጣሪያው ተርታውን ከላይ እስከ ታች ሲያነብ ለፓኬቱ የሚስማማ ደንብ ባገኘ ቁጥር ይይዘውና ንባቡን ይቀጥላል፤ የሚጸናውም በመጨረሻ የተስማማው ደንብ ነው። ይህ ሥርዓት፣ መጀመሪያ የተስማማው ደንብ የሚጸናባቸውን የሊኑክስ ማጣሪያዎች የለመደን ሰው በቀላሉ ያሳስተዋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ከላይ የጻፈው እገዳ ከታች ባለ ሰፊ ፈቃድ ተሽሮ ሳለ ማጣሪያው አልሠራም ብሎ ያማርራል። ኩዊክ የሚል ቃል የተጨመረበት ደንብ ግን እንደተስማማ ወዲያው ይጸናል፤ ከእርሱ በታች ያሉትም አይነበቡም። ለመርማሪው ሌላው ቁም ነገር ማሽኑ እንደ ራውተር ሲያገለግል፣ ማለትም የሌሎችን ፓኬቶች ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው ሲያሻግር፣ አንዱ ፓኬት ሁለት ጊዜ የሚመዘን መሆኑ ነው፤ በአንደኛው ኢንተርፌስ፣ ማለትም ማሽኑ ከኔትወርክ ጋር በሚገናኝበት በር ሲገባ የተፈቀደለት ፓኬት በሌላኛው ሲወጣ ፈቃድ ካላገኘ ከመካከል ጠፍቶ ይቀራል።

ወደ ማጣሪያው ከመድረስ በፊት ግን ከሥሩ ያሉት ነገሮች መጣራት አለባቸው። ገመዱ መገናኘቱና ኢንተርፌሱ ትክክለኛ አድራሻ መያዙ በኢፍኮንፊግ፣ ወደ ውጭ የሚያወጣው ጌትዌይ መመዝገቡ በራውት፣ ስምን ወደ አድራሻ የሚመልሰው ዲኤንኤስ መሥራቱ በዲግ ትዕዛዝ ይታያል፤ በቁጥር አድራሻ መድረስ እየተቻለ በስም የማይቻል ከሆነ ምርመራው ወደ ዲኤንኤስ ያዘነብላል። ራውተር ለመሆን በታሰበ ማሽን ላይ ደግሞ ፓኬት ማሻገር በራሱ የተከፈተ ስላልሆነ፣ በሲስሲቲኤል ትዕዛዝ ካልተፈቀደ በስተቀር የደንቦቹ ትክክለኛነት ብቻውን የሚያመጣው ነገር የለም።

የምርመራው ዋና መሣሪያ በኢንተርፌስ ላይ የሚያልፉትን ፓኬቶች የሚያሳየው ቲሲፒዳምፕ ነው። ይህ መሣሪያ የሚገባውን ፓኬት ፒኤፍ ከመመልከቱ በፊት፣ የሚወጣውን ደግሞ ፒኤፍ ካሳለፈው በኋላ ስለሚያየው፣ ሁለቱን ኢንተርፌሶች ጎን ለጎን መመልከት ክርክርን ይቆርጣል። ፓኬቱ በውስጠኛው ኢንተርፌስ ላይ ካልታየ ጥፋቱ ከማሽኑ በፊት ነው፤ በውስጠኛው ታይቶ በውጫዊው ካልታየ የጠፋው በማሽኑ ውስጥ ነው፤ በሁለቱም ታይቶ መልስ ካልመጣ ደግሞ ከማሽኑ በኋላ ያለው መንገድ ወይም ተቀባዩ ይጠየቃል። ብዙ ሰዓት የሚፈጁ ግምቶችን በጥቂት ደቂቃ የሚተካ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

የጠፋው በማሽኑ ውስጥ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የትኛው ደንብ እንዳገደው መጠየቅ ይቻላል። በእገዳው ደንብ ላይ ሎግ የሚል ቃል ከተጨመረ፣ የታገደው ፓኬት ፒኤፍሎግ0 ወደተባለ ለመዝገብ ብቻ ወደተዘጋጀ ኢንተርፌስ ይገለበጣል፤ ይህንንም ቲሲፒዳምፕ ሲያነበው ከፓኬቱ ጋር ያገደውን ደንብ ተራ ቁጥር ያሳያል። ፒኤፍሲቲኤል የተባለው የመቆጣጠሪያ ትዕዛዝ ደግሞ በሥራ ላይ ያሉትን ደንቦች ከነቁጥራቸው፣ እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደተመዘነና ስንት ፓኬት እንደያዘ ጨምሮ ይዘረዝራል። ሁልጊዜም መነበብ ያለበት ይህ ዝርዝር ነው፤ ምክንያቱም በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው ደንብ ስሕተት ኖሮበት ሳይጫን ቀርቶ፣ ማሽኑ በቀድሞዎቹ ደንቦች እየሠራ ሊሆን ይችላል። የችግሩ መልክም ራሱ ይመሰክራል፤ እገዳው ዝም ብሎ የሚጥል ከሆነ የተጠቃሚው ፕሮግራም ረጅም ጊዜ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል፣ እምቢታውን ለላኪው የሚመልስ ከሆነ ግን ግንኙነቱ ወዲያው ተከለከለ የሚል መልእክት ይመጣል።

ከሁሉ ይልቅ ባለሙያዎችን የሚያደናግረው የግንኙነቶች ሰንጠረዥ ነው። ፒኤፍ አንድ ግንኙነት ሲፈቀድ በሰንጠረዡ ይመዘግበዋል፤ ግቢ ጠባቂ ከቤት ሲወጣ ያየውን ሰው ሲመለስ ሳይጠይቅ እንደሚያስገባው ሁሉ፣ የተመዘገበው ግንኙነት ተከታይ ፓኬቶችም ደንቦቹ እንደገና ሳይነበቡ ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው የ4.1 እትም ወዲህ ይህ ምዝገባ ለሁሉም የፈቃድ ደንቦች በራሱ የሚደረግ ሆኗል። ከዚህ የሚከተለው ውጤት አዲስ ደንብ መጫን በሰንጠረዡ ያለውን ግንኙነት የማይነካ መሆኑ ነው፤ አሁን የታገደ አድራሻ በቀድሞ ግንኙነቱ መረጃ መለዋወጡን ሊቀጥል ስለሚችል፣ እገዳውን ወዲያው ማጽናት የሚፈልግ አስተዳዳሪ የተመዘገበውን ግንኙነት በፒኤፍሲቲኤል ለይቶ መሰረዝ አለበት። ምዝገባው ዕድሜም አለው፤ የተመሠረተ የቲሲፒ ግንኙነት ያለ እንቅስቃሴ ለ86400 ሰከንድ፣ ማለትም ለአንድ ሙሉ ቀን ሲጠበቅለት፣ መመሥረቻ ሥርዓት የሌለው ዩዲፒ ግን በሁለቱም ወገን ከተነጋገረ በኋላ የሚሰጠው 60 ሰከንድ ብቻ ነው። በኢንተርኔት የሚደረግ የስልክ ጥሪ ወይም የግል ዋሻ (ቪፒኤን) ግንኙነት ጥቂት ጸጥ ካለ በኋላ ከውጭ የሚመጣው መልእክት መድረሱን ሲያቆም ይህ ልዩነት ሊታሰብ ይገባል። ከዚህም ሌላ፣ የሄደው ፓኬት በአንድ ራውተር ወጥቶ መልሱ በሌላ ሲመለስ ፒኤፍ የንግግሩን ግማሽ ብቻ ስለሚሰማ ግንኙነቱን በትክክል መከታተል ይሳነዋል፤ በዚህ ጊዜ መስተካከል ያለበት የፓኬቶቹ መንገድ እንጂ ደንቡ አይደለም።

ከፋየርዎሉ ጋር ጨርሶ ግንኙነት ሳይኖረው በእርሱ የሚሳበብ አንድ ችግር አለ፤ ፒንግ ይሠራል፣ አነስተኛ ጽሑፍ ይደርሳል፣ ትልልቅ ገጾች ግን ተጀምረው በመካከል ይቆማሉ። በኢተርኔት ላይ የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን 1500 ባይት ሲሆን፣ ፒፒፒኦኢ በተባለው የመስመር አገባብ ግን 8 ባይት ለተጨማሪው ራስጌ ስለሚሄድ 1492 ብቻ ይቀራል። በመንገድ ላይ ያለ ራውተር ፓኬቱ ከመጠን ማለፉን ለላኪው የሚያስታውቀው አይሲኤምፒ በተባለ የአገልግሎት መልእክት ነው፤ ፒኤፍ ከተመዘገበ ግንኙነት ጋር የተያያዘውን እንዲህ ያለ መልእክት ያለ ተጨማሪ ደንብ ቢያሳልፍም፣ በመንገዱ ላይ ያለ ሌላ ፋየርዎል አይሲኤምፒን በጅምላ ካገደው ላኪው ምንም ሳይሰማ ትልቁን ፓኬት ደጋግሞ ይልካል። የሌላውን ሰው ፋየርዎል ማረም ስለማይቻል፣ በፒኤፍ ደንብ የቲሲፒ ክፍልፋይ መጠን ከ1452 ባይት እንዳይበልጥ መገደብ የተለመደ መፍትሔ ነው።

ደንብን ከሩቅ ሆኖ የሚያርም አስተዳዳሪ በራሱ ላይ በሩን ሊዘጋ ስለሚችል፣ አዲሱ ፋይል ከመጫኑ በፊት ፒኤፍሲቲኤል አጻጻፉን ብቻ እንዲመረምር ይታዘዛል፤ ቀጥሎም የቀድሞው ፋይል ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራሱ ተመልሶ እንዲጫን ቀጠሮ ይያዝና አዲሱ ይጫናል። ይሁን እንጂ የተከፈተው ግንኙነት በሰንጠረዡ ስላለ በስሕተት ደንብም ሥር መሥራቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ከሌላ መስኮት አዲስ ግንኙነት ተከፍቶ መግባት መቻሉ ሳይታይ ቀጠሮው መሰረዝ የለበትም።