ለጭቃና ለዳገት የሚሆን ቢስክሌት አሰነዳድ

ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው የበቅሎውን ሰኮናና የኮርቻውን ጠፍር አስቀድሞ ይመረምራል። ቢስክሌትም ምንም ገብስ ባይበላ ይህንኑ ጥንቃቄ ይሻል፤ ይልቁንም እንደ ወረኢሉና እንደ መካነ ሰላም ባለ ደጋ አገር።

በ1888 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ሠራዊቱ ወረኢሉ ላይ እንደ ከተተ የታወቀ ነው። የክተቱም ጊዜ ክረምቱ አልፎ መሬቱ በሚጠናበት በጥቅምት ነበር። ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሥራ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ግን ጥቅምትን ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ ቢስክሌቱን ለክረምት ማዘጋጀት ይገባዋል።

የመጀመሪያው ነገር ጎማ ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለው የእንስሳት ሐኪም በነፋስ የሚሞላውን ጎማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1888 በስሙ ያስመዘገበው የልጁን ባለ ሦስት እግር ቢስክሌት ከመንገጫገጭ ለማዳን ብሎ ነበር። ለጭቃ የሚሆነው ጎማ ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ጥርሶቹ የተራራቁ ይሁኑ፤ የተቀራረቡ ከሆኑ ጭቃውን ይዘው ያስቀራሉ። ጥቁር ዋልካ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሲሞላ መንኰራኵሩን ጨርሶ ያቆመዋልና፥ በመካከሉ የጣት ያህል ክፍት ቦታ ይተው። ነፋሱም ጥቂት ቢቀነስ ጎማው መሬቱን ይይዛል፤ እጅግ ከጎደለ ግን የውስጡ ጎማ በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጦ ይበሳል።

ሁለተኛው ማርሽ ነው። የፊቱ ጥርስ 48፥ የኋላው 18 ከሆነ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው መንኰራኵር ከሁለት ጊዜ ተኩል በላይ ይዞራል፤ ይህ ለሜዳ መልካም ነው። የፊቱ 30፥ የኋላው 36 ከሆነ ግን አንድ ዙር እንኳ አይሞላም፤ ጉዞው ቢዘገይም ጕልበት ሳይደክም ዳገቱን ያስወጣል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ፍሬን ነው። ዳገት ቢያቅት ወርዶ መግፋት ይቻላል፤ ቁልቍለት ላይ ፍሬን እንቢ ያለ እንደ ሆነ ግን የሚጠፋው ሕይወት ነው። ቸርኬውን የሚይዘው ፍሬን ጭቃና ውሃ ሲነካው ይዘገያል፤ አሸዋውም ቸርኬውን ይሞርደዋል። በመንኰራኵሩ መካከል በተተከለ የብረት ሳሕን ላይ የሚይዘው ፍሬን ስለዚህ ይሻላል። ቁልቍለት ሲወርዱም ሰውነትን ወደ ኋላ አድርጎ ሁለቱንም ፍሬኖች ቀስ እያሉ መያዝ እንጂ የፊቱን በድንገት መጨበጥ አይገባም።

ማታ ሲገቡ ጭቃውን በውሃ አጥቦ፥ ካቴናውን በጨርቅ አድርቆ ጥቂት ዘይት መቀባት ነው። ዘይት ከበዛ አሸዋን ይሰበስባል።

ለልጁ ቢስክሌት የሚገዛ አባት እንግዲህ የቀለሙን ማማር ሳይሆን ይህን ይመልከት። ልጁም ከቤት ከመውጣቱ በፊት ፍሬኑን ጨብጦ ቢስክሌቱን ወደ ፊት ይግፋው፤ መንኰራኵሩ ከዞረ በዚያ ቀን በእግሩ ይሂድ።