በሞተሩና በካምቢዮው መሃል

ጠጋ በሉ፤ ይህ ጋራዥ ውስጥ ባለመኪናው ሻይ ሊጠጣ ወጣ ሲል የሚወራ ነገር ነው። አሮጌ ቮልስ ላይ 1600 ሞተር ማስገባት ከሩቅ እንደሚታየው ከባድ አይደለም። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያስሩት አራት ቦታዎች ብቻ ናቸው፤ እጃቸው የተፍታታ ሁለት ልጆች ክሪክ ካላቸው ሰዓት ሳይሞላ ያወርዱታል። ደንበኛው ዋጋ ሲከራከር ስለ ፒስተኑ፣ ስለ ካርቡሬተሩ፣ ሞተሩ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። እኛ የምንፈራውን ቦታ ግን የሚጠይቅ የለም። የሞተሩ ባለጥርስ ቮላኖ፣ ፍሪሲዮኑና ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ተጠጋግተው የሚሠሩበት ያ ጠባብ ክፍል ነው የሥራው ዕጣ የሚወሰንበት።

መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ብትወርዱ ሻጩ «ቮልስ ሁሉ አንድ ነው፣ ይገጥማል» ይላችኋል። አልዋሸም። ብሎኖቹ ቀዳዳቸውን ያገኛሉ፣ የካምቢዮው ዘንግም የፍሪሲዮኑ ዲስክ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ጉዱ የሚወጣው ቁልፉ ሲዞር ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ቮልስ 6 ቮልት ነው፤ ቮላኖው 109 ጥርስ፣ ዲስኩ 180 ሚሊ ሜትር። ከ1600 ሞተር ጋር የሚመጣው የ12 ቮልት ቮላኖ 130 ጥርስ አለው፣ ዙሪያውም ሰፋ ይላል፤ ዲስኩ 200 ነው። ይህ ቮላኖ በአሮጌው ካምቢዮ አፍ ውስጥ ሲዞር ግድግዳውን ይፍቃል። እንዲህ የተሠራ መኪና ሞተሩ ሲወርድ ወዲያው ይታወቃል፤ በዘይትና በአቧራ በጠቆረው ብረት ላይ አዲስ ሳንቲም የመሰለ የሚያብረቀርቅ ጭረት ይቀራል።

መድኃኒቱ ግድግዳውን ከውስጥ በጥቂቱ ማሳሳት ነው። ይህን ሥራ ላገኛችሁት ሁሉ አትስጡ። የቮልስ ካምቢዮ ቤት ማግኒዚየም ያለበት ቅይጥ ነው፤ ከግራይንደር የሚወጣው ብናኝ እሳት ይይዛል፣ ከተያያዘ ደግሞ ውኃ ያብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ብናኙ ሳይጠራቀም እየጠረገ፣ ከነዳጅና ከብየዳ ርቆ የሚሠራ ሰው ፈልጉ።

ይህን ላለመሥራት አንዳንዱ ጋራዥ ባለ 109 ጥርሱን ቮላኖ አዲሱ ሞተር ላይ ይመልስና የ6 ቮልቱን ሞተሪኖ በ12 ቮልት ባትሪ ያስነሳዋል። ይነሳል፣ ያውም በኃይል። ሞተሪኖው ግን በተነካ ቁጥር ከአቅሙ በላይ እየተፈተለከ ጥርሱን ይበላዋል፤ ወጪውም ትንሽ ቆይቶ ይመጣል። የ12 ቮልት ሞተሪኖ ከገባ ደግሞ የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍበት፣ ካምቢዮው ውስጥ ያለ ትንሽ ቡሽ አብሮ መቀየር አለበት። ጣት የማትሞላ ዕቃ ናት፤ እሷ ስትረሳ ሞተሪኖው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

አሁን ወደ ዋናው ሚስጥር ልምጣ፤ በእኔ ግምት ብዙ ፍሪሲዮን ያለ ጊዜው የሚያልቀው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ካምቢዮው ላይ ኩሽኔታው የሚንሸራተትበት ቱቦ ተጨምሯል። ከዚያ በፊት ቱቦ የለም፤ ኩሽኔታው ሹካው ላይ ተይዞ ብቻ ይሄዳል። ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነው ፕሬዠር ፕሌትም በዚያው ልክ ሁለት ዓይነት ነው። ለቱቦ አልባው የሚሆነውን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ብታዩት መሃሉ ላይ በቀጭን ሽቦ የተያዘ ቀለበት አለ፤ ኩሽኔታው የሚገፋው እሱን ነው። ለባለ ቱቦው የሚሆነው ቀለበት የለውም፤ የስፕሪንጉ ጣቶች ራቁታቸውን ናቸው፣ ኩሽኔታውም በቀጥታ እነሱ ላይ ያርፋል።

አዲሱ ሞተር ባለጣቱን ፕሌት ይዞ ይመጣል፤ አሮጌው ካምቢዮ የቱቦ አልባውን ኩሽኔታ እንደያዘ ይጠብቀዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ፔዳሉ መጀመሪያ ላይ ደህና ነው። ቆይቶ ሲረገጥ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይጮኻል፣ በመጨረሻ ጣቶቹ ተበልተው ማርሽ አልገባ ይላል። ያኔ ሞተሩ እንደገና ይወርዳል፣ የእጅ ዋጋም እንደገና ይጠየቃል። ይህን እያወቀ ዝም የሚል ባለሙያ አለ፤ ያናድደኛል። የፕሌቱ ዓይነት የሚመረጠው በካምቢዮው ነው፤ የዲስኩ ስፋት ግን በቮላኖው።

ቮላኖው ራሱ የሞተሩ ዋና ዘንግ በሆነው ኮሎ ላይ የሚታሰረው በመሃል ባለ አንድ ትልቅ ዳዶ ነው። ባለ 36 ቁልፍ ነው፤ ማጥበቂያውም 30 ኪሎ በአንድ ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ እንደማንጠልጠል ነው፣ በግምት የሚሆን አይደለም። ከመጥበቁ በፊት የኮሎው የፊትና የኋላ ጨዋታ በሦስት ስስ ሮንዴላዎች ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይለካል። ቮላኖ ተቀይሮ ይህ ካልተለካ ሥራው አልተሠራም።

ስለ ማርሽም አንድ ነገር። የ1200 ካምቢዮ የኮሮናና ፒኞን ጥምርታ 4.375 ነው፤ የ1500 እና የ1600ው 4.125። አሮጌውን ካቆያችሁ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሞተሩ ወደ 3,300 ዙር ይዞራል፤ በሌላው ወደ 3,100። አዳማ በፍጥነት መንገድ የሚመላለስ ሰው ልዩነቱ በጆሮው ይገባዋል፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ረጅም መንገድ ላይ እፎይታ ይፈልጋልና። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚነዳ ግን አሮጌውን እመርጣለሁ። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ ጉልበት ይጎድለዋል፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ አጭሩ ማርሽ ያግዘዋል።

እንግዲህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠመኔ ያዙ። የቮላኖውን አንድ ጥርስ ምልክት አድርጉና ቁጠሩ። የካምቢዮውን አፍ በእጅ ባትሪ አብርታችሁ ቱቦ መኖሩን እዩ፣ ፕሌቱንም ገልብጣችሁ ቀለበቱን ፈልጉ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር አትቸኩሉ። ሞተሩ ከተገጠመም በኋላ ቁልፍ ከመዞሩ በፊት የዲናሞው ፑሊ ዳዶ ላይ ቁልፍ አስገብታችሁ ሞተሩን ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩት፤ የሚፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ በዚያው ሰዓት ይውረድ።